ትተውኝ ሊሄዱ ነው?

አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ሲያዘነብል ከፊቷ የቆመው ጎረምሳ ስልኩን ወደ እሷ አዞረና፣ "ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አላት።

እሷ ነበረች። የምትሠራበት መነጽር ቤት ድረ ገጽ ላይ፣ የፍሬሞቹን ፎቶና ዋጋ ሁሉ ሸፍኖ፣ መሀል ለመሀል የእሷ ፊት ተደቅኗል። ከፊቷ ሥር በትልልቅ ፊደል "ትተውኝ ሊሄዱ ነው?" ይላል። ከዚያ በታች "አልሄድም፣ እቆያለሁ" የሚል ሰፊ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ለማንበብ ዓይን የሚያስጠብብ አንድ ግራጫ መስመር፤ "አዎ ልሂድ፣ ለእርስዎ ግድ የለኝም።"

"ልወጣ ስል ነው ብቅ ያልሽው" አለ ጎረምሳው። "ሦስቴ ዘጋሁሽ፣ ሦስቴ መጣሽ።"

ከጎኑ የተቀመጠች ሴት አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "ውይ ምስኪን" አለች፤ ለፎቶው ይሁን ለባለፎቶዋ አልታወቀም። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ።

ስልከኛ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት የመነጽር ቤቱን ስልክ ስታነሳ ኖራለች፤ ሲሰድቧት "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" ማለት የለመደ አፍ አውቶቡስ ውስጥም ቶሎ አይፈታም። ዓይኗ ግን ፎቶው ላይ ቀረ። የሸሚዟ ኮሌታ አንዱ ጎን ተተኩሷል፣ ሌላው አልተተኮሰም። ቀኑን አወቀችው። የልጇ አባት ሻንጣውን ይዞ በወጣ በአምስተኛው ቀን፣ ወደ ሥራ ስትመለስ፣ ለአዲሱ መታወቂያ ብለው ግድግዳ ተደግፋ ያነሷት ፎቶ ነው። ደረቷ ላይ በሚንጠለጠለው መታወቂያ ጥፍር ስለሚያክል ማንም ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። አሁን ለገባው ለወጣው ሁሉ "ትተውኝ ሊሄዱ ነው?" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ፊት ያላለችውን ቃል፣ የሄደውን ሰውዬ ራሱን እንኳ ያላለችውን ቃል፣ አፏ ውስጥ ጨምረውባታል። ከውርደቱ የተነሳ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

መነጽር ቤቱ ምድር ቤቱ መሸጫ፣ ፎቁ ቢሮ ነው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ደረጃውን ወጥታ አዋቂው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። "አዋቂው" ሠራተኛው ያወጣለት ስም ነው። የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ነክ የሆነውን ሁሉ እሱ ይሠራል፣ ያልተጠየቀውንም እሱ ይመልሳል።

"ፎቶዬን ማን ፈቀደልህ?"

"እንዴት አደርሽ" አለ ከኮምፒውተሩ ሳይነቀል።

"ማን ፈቀደልህ አልኩህ።"

"የድርጅቱ ፎቶ ነው። በድርጅቱ ካሜራ፣ በድርጅቱ ግድግዳ ላይ የተነሳ።"

"ፊቱስ የማን ነው?"

አዋቂው ወንበሩን አሽከረከረና ኮምፒውተሩን አዞረላት፤ ሊያስተምራት ነው። "እይ፣ አራት ፎቶ ነው የሞከርኩት። መጀመሪያ አንዲት ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ ከመቶ ሰው ሦስቱ ብቻ ቆዩላት። ሕፃን አደረግኩ፣ አራት። ቡችላ አደረግኩ፣ ስድስት። ያንቺን ሳደርገው አሥራ አንድ።"

"ከቡችላ በልጫለሁ ማለት ነው።"

"እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው" አለ፤ ነገሯ አልገባውም። "ያንቺ ፊት አንጀት ይበላል። ሰው እኮ የውሸት ሐዘን ያውቃል። ያንቺ የእውነት ነው።"

እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ካላሳረፈችው ሌላ ቦታ ማረፉ አይቀርም ነበር። "ልሂድ ያለ ሰው ለምን አይሄድም?"

"እንግዳ ከቤትሽ ሲነሳ 'ምነው፣ ትንሽ ተቀመጥ እንጂ' አትዪውም? እሱን ነው የሠራሁት። ጨዋነት ነው።"

"እለዋለሁ፣ አንዴ። ጫማውን ካደረገ በኋላ ግን እሸኘዋለሁ እንጂ ደጃፉ ላይ ተጋድሜ 'ግድ ከሌለህ ረግጠኸኝ ውጣ' አልለውም።"

"መዝጊያ አለው እኮ። ኤክሷን መጫን ነው።"

"የት ነች?"

በጣቱ አሳያት። ነጭ ላይ የተሰመረች ግራጫ ኤክስ፣ የቁንጫ እግር የምታህል፣ የቀኙ ጥግ ላይ ተሸሽጋለች። ስልከኛዋ ዓይኗ ደህና ነው፤ እሷም አጎንብሳ ነው ያገኘቻት። "እኛ ጋ የሚመጣው ዓይኑ የደከመ ሰው ነው" አለች። "ይህን ለማን ደበቅከው?"

አዋቂው የሚሠራው መነጽር ቤት መሆኑን ገና የሰማ ይመስል ኤክሷን ራሱ አጎንብሶ ፈለጋት። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዘንድሮ ድረ ገጽም ተጨምሯል።

"አንሳው" አለችው።

"ጋሼን ጠይቂ። እሳቸው ካዘዙኝ አሁኑኑ አነሳዋለሁ። ከምሳ በኋላ ነው የሚገቡት።"

ስልኩ እስከ ምሳ ድረስ እረፍት አልሰጣትም። አንዷ፣ "ልቅሶ ቤት ነው እንዴ የከፈታችሁት?" ብላ ዘጋችባት። አንዱ ደግሞ የሥራ ሰዓታቸውን ሊያይ ገብቶ "ለእርስዎ ግድ የለኝም" የሚለውን ሳይወድ በግድ ለመጫን መብቃቱ ክፉኛ አብግኖታል። "እኔ ለማንም ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። እናንተ ናችሁ ያስባላችሁኝ" እያለ አሥር ደቂቃ ጮኸባት። እውነቱን ነበር፤ ሆኖም ለእውነቱም ለጩኸቱም መልሷ አንድ ነው። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት የተለጠፈው ወረቀት ሦስት ትእዛዝ አለው፤ ደንበኛን አንቱ በል፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ጥሪውን በጥያቄ ጨርስ።

ቀጣዩ ሲደወል የማሽኑ ድምፅ እንደ ወትሮው "ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይህ ጥሪ ይቀዳል" አለ። ከዚያ ሰላምታ የሌለው ድምፅ መጣ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

የልጇ አባት ነበር። ወረቀቱን አየችው። "ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ምን ልርዳዎት ትለኛለች እንዴ? ያንን ነገር አንሺው።"

"የትኛውን ምርታችንን ማለትዎ ነው?"

"አትቀልጂብኝ። ባለቤቴ መነጽር ልታይ ገብታ አንቺን አየችሽ። ከትናንት ጀምሮ ቤቴ ሰላም የለም። ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ ከርመሽ አሁን በኢንተርኔት ነው የምትለምኝኝ?"

"ጌታዬ፣ መልእክቱ ለሁሉም ጎብኚ የሚታይ ነው። ለእርስዎ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም።"

"ለሁሉም? እሱማ የባሰ ነው። ሰው ምን ይለኛል? እኔን እኮ ነው ክፉ ያስመሰልሽኝ።"

"ስለደረሰብዎት መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

ወዲያ ማዶ ትንፋሹ ይሰማል። ሲቆጣ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሰማው ኖራለች። "እስከ ነገ እንድታነሺው" አለ ቀስ ብሎ። "ደግሞ ታነሺዋለሽ። አውቅሻለሁ፤ እኔ ከተቆጣሁ ታነሺዋለሽ።" ዘጋው።

ስልኩን አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ያ ፎቶ ይጥፋልኝ ስትል የነበረችው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆይ አለች። ይቆይ፣ ይክረም። የእሱን ቤት ሰላም የሚነሳ ፊት ካላት፣ አሥር ቦታ ይሰቀል። እልህ ነው፤ እልህ መሆኑንም ታውቃለች፣ ግን ከውርደት ይሻል ነበር።

ወዲያው ሌላ ተደወለ።

"ልጄ፣ ያቺ ፎቶው ላይ ያለሽው ነሽ?" አለ የሸመገለ የወንድ ድምፅ።

ለስድቡ ራሷን አዘጋጀች። "አዎ፣ ነኝ። ምን ልርዳዎት?"

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት" አሉ አዛውንቱ። "ትናንት ሳላናግርሽ ወጣሁ። መብራት ጠፍቶብኝ ነው እንጂ ትቼሽ መሄዴ አልነበረም። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።"

"አባባ፣ እሱ እኮ ማሽን ነው። ማን ገባ ማን ወጣ እኔ አላይም።"

"ማሽን መሆኑንማ አላጣሁትም" አሉ፤ እንደ መቆጣት ብለው። "ፊቱ ግን ያንቺ ነው። የሰው ልጅ እንዲያ አዝኖ 'ትተኸኝ ልትሄድ ነው?' እያለኝ፣ 'ለአንቺ ግድ የለኝም' የሚለውን ልጫን? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"አረንጓዴውን ነዋ። አረንጓዴውን ስነካ ወደ መነጽሩ ይመልሰኛል። እሱን አዝዤ ልወጣ ስል ደግሞ ትመጫለሽ።"

ስልክ ቁጥራቸውን ኮምፒውተሯ ላይ አስገብታ ፈለገች። በሦስት ቀን ሦስት መነጽር፤ አንድ ዓይነት ሌንስ፣ አንድ ዓይነት ፍሬም። ሦስተኛው የታዘዘው ዛሬ ጠዋት ነው።

"አባባ፣ ሦስት መነጽር አዝዘዋል።"

"አውቃለሁ። አፍንጫዬ ግን አንድ ነው" አሉና ሳቁ። "አንደኛው ጋዜጣ ለማንበብ ነው፤ የድሮው ተሰብሮብኛል። ሁለቱ እንግዲህ ላንቺ ብዬ ነው። ገበያ ሲጠፋ የሚቆጡሽ መስሎኝ።"

ስልከኛዋ ወረቀቱን አየች። ለዚህ የሚሆን ነገር አልተጻፈበትም። "መልሼ ልደውልልዎት" አለችና ስልኩን ዘግታ መታወቂያዋን ከአንገቷ አወለቀች። እስካሁን የተናደደችው ፊቷን ስለሰረቋት ነበር። አሁን የታያት ግን በዚያ ፊት የሚዘረፈው ማን እንደሆነ ነው። ክፉው ሰው ስቆባት ያልፋል፤ ተናዳጁ ደውሎ ይሰድባትና ይገላገላል። አንጀቱ የሚራራው ብቻ ነው ተይዞ የሚቀረው።

ሥራ አስኪያጁ ከምሳ ሲመለስ ጠራት። ቀኑ ቀንቶታል፤ ራሱ ወንበር ሳበላት። አዋቂው መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል።

"ተቆጥተሻል አሉኝ" አለ። "እውነትሽን ነው፤ መጠየቅ ነበረብን። ግን ይህን እዪው እስቲ፤ አንድ ሰውዬ ብቻ በሦስት ቀን ሦስት መነጽር አዟል። ታማኝ ደንበኛ ማለት ይህ ነው።"

"አፍንጫው ግን አንድ ነው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ፎቶዋን ድርጅቱ እንዲጠቀምበት መፍቀዷን የሚገልጽ ነው፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለው። "ጠበቃው ያለ ፊርማ አይሆንም ብሎኛል። ከፈረምሽ ይቀጥላል። ካልፈረምሽ ዛሬውኑ ይነሳል።"

"ጽሑፉ ይቀየርልኝ። ኤክሷም ለዓይን የምትታይ ትሁን።"

"ሞክረነዋል" አለ አዋቂው። "ኤክሷ ስትተልቅ ሰው ይሄዳል።"

"ይሂዳ።"

ሥራ አስኪያጁ እጁን አነሳ። "እውነቱን ልንገርሽ። የሚደውል ሰው እየቀነሰ ነው። የስልክ ጠረጴዛውን በወሩ መጨረሻ ልዘጋው ነበር ሐሳቤ። ከፈረምሽ የመነጽር ቤቱ ፊት ነሽ፤ ከቦታሽ የሚነቀንቅሽ የለም። ካልፈረምሽ ግን ምን ብዬ አቆይሻለሁ? አሁን እዚህ የያዘሽ ፊትሽ ነው።"

"አሥራ ሁለት ዓመት የያዘኝ ድምፄ ነበር።"

"ድምፅ ዛሬ ገበያ የለውም" አለ፤ ክፋት ሳይኖረው፣ የአየር ጠባይ እንደሚነግራት ሁሉ። "እስከ መውጫ ሰዓት አስቢበት።"

አሰበችበት። ስልክ እያነሳች፣ ስድብ እየተቀበለች፣ ወረቀቱን ከክንዷ ሥር አድርጋ አሰበችበት። ልጇ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትጨርሳለች፤ በአርባ አራት ዓመቷ አዲስ ሥራ የሚሰጣት ማን እንደሆነ አታውቅም። አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ስትፈርም ደግሞ ያ ሰውዬ ይቃጠላል፤ ሚስቱ ሱቅ ባየች ቁጥር ቤቱ ይታመሳል። ካልፈረመች ግን ፎቶው ዛሬውኑ ይጠፋል፣ እሱም "እኔ ከተቆጣሁ ታነሺዋለሽ" ያለው ቃል ልክ ይሆናል። ይህ ከሥራው ይልቅ ያንገበግባት ነበር። ለማንም ባትናገረውም፣ ለመፈረም ይበልጥ የቀረበችው በዚህ የተነሳ ነው።

የመውጫው ሰዓት ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ መጣ፤ አዋቂው ተከትሎታል። ስልከኛዋ እስክሪብቶ አንስታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

"ጎበዝ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

በእስክሪብቶው የአዛውንቱን የትእዛዝ ቁጥሮች መዳፏ ላይ ገለበጠችና ሁለቱን ከኮምፒውተሯ ላይ ሰረዘች። ከዚያ ስልኩን አነሳች። ማሽኑ ጥሪው እንደሚቀዳ ተናገረ።

"አባባ፣ ከመነጽር ቤቱ ነው። ሁለቱን ሰርዤልዎታለሁ። አንዱ ይበቃዎታል።"

"አይቆጡሽም?" አሉ።

ከአጠገቧ የቆሙትን ሁለቱን አየቻቸው። "ይቆጣሉ፤ ግድ የለም። አሁን ኮምፒውተሩ አጠገብዎ ነው? እንደሚወጡ ሆነው ቀስቱን ወደ ላይ ይውሰዱት።"

"ይኸው መጣሽ።"

"ከፎቶዬ በላይ፣ በስተቀኝ ጥጉ ላይ፣ በጣም ትንሽ ምልክት አለች።"

"አትታየኝም።"

"አትታይም፤ እንዳትታይ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ዝም ብለው ጥጉን ይጫኑት።"

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ። መዳፏን አንስታ ዝም አሰኘችው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት አድርጋው አታውቅም።

"ልጄ" አሉ አዛውንቱ፣ "በፊትሽ ላይ እንዴት እዘጋለሁ?"

"ይዝጉት አባባ። አላዝንብዎትም። ያዘንኩት ያኔ ነው፤ ፎቶው የድሮ ነው።"

ከወዲያ ማዶ ቀስ ብላ አንዲት ቀጭን የማውስ ጠቅታ ተሰማች፤ ቀጥላ ሌላ።

"ሄድሽ" አሉ።

"ደህና ይሁኑ" አለችና ዘጋች። ጥሪ ያለ ጥያቄ ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይህ ሁሉ ተቀድቷል እኮ" አለ አዋቂው።

"ለአገልግሎት ጥራት ነው" አለችው።

ወረቀቱን ሳትፈርምበት ለሥራ አስኪያጁ መልሳ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። እሱ ወረቀቱን አልተቀበላትም። "ቆይ እንጂ፣ ተረጋጊ" አለ። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ "ጽሑፉን እናለዝበዋለን" አለ። ሹራቧን ስትቆልፍ፣ "ለሁለት ወር ብቻ ይሁን" አለ። በሩ ጋ ስትደርስ፣ "ደሞዝሽንም ቢሆን እናየዋለን" አለ። አዋቂው በሩ መሀል ቆሞ ነበር። "እለፍ" አለችው፤ አለፈ።

ደረጃውን እየወረደች የልጇ አባት ትዝ አላት። ነገ ፎቶው መጥፋቱን ሲያይ ለሚስቱ "አላልኩሽም? እንደምታነሳው አውቅ ነበር" ይላታል፤ ደረቱን ይነፋል፣ ምሳውንም በሰላም ይበላል። ፌርማታው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣችና "ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ" ብላ ጻፈችለት። ጣቷ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ይህን ከላከች መልስ ይጽፋል፤ መልሱን ደግሞ ትመልሳለች፤ ሁለት ዓመት የዘጋችው በር ገርበብ ይላል።

አውቶቡሱ መጣ። የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው።

ይምሰለው አለችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተሳፈረች።